በሜትር የተሰፈረ ስንዴ

ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። በደርግ ዘመን ወሎ ውስጥ ተራራ ላይ ድንጋይ ሲክብ ለዋለ ሰው የቀን ዋጋው ይህ ነበር። ደሴ ዙሪያ መጋዘን ያዥ ሆኜ ጉልምስናዬን የፈጀሁት ይህንኑ ስሰፍር ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው የምኖረው። ሐምሌ ገብቶ የቦርከና ወንዝ አፈር ተሸክሞ መውረድ ሲጀምር ልጆቼ «አባባ፣ ያ ሁሉ ስንዴ ምን ሠራ?» እያሉ ይነዘንዙኛል። «ሰው አተረፈ» እላቸዋለሁ፤ አትርፏልም። ስለ ውኃው ሲጠይቁኝ ግን መልሱ ይረዝምብኛል።

ደሴ የውኃ መለያያ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ ወዲህ ያለው ውኃ በቦርከና አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከጦሳ ወዲያ ያለው የገራዶ ውኃ ደግሞ መንገዱ ወደ ዓባይ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሐረጎን በመኪና የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። መኪናው ፍሬን አለው፣ ውኃው የለውም። ከተራራው ወገብ የተነቀለው አፈር ሜዳ እስኪያገኝ የሚያቆመው ነገር ከሌለ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ገበሬው ይህን ከመንግሥት ቀድሞ ያውቀዋል። ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ይክባል፤ ቦይ ጠልፎ በሚያጠጣበት አገር ተራ የሚያስጠብቅ የውኃ አባት ይመርጣል። ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ ደቦ ይጠራል፤ ዋጋውም የዕለት ምግብና ነገ የሚመለስ ጉልበት ነው። ያኔም ቢሆን ክፍያ ነበር ማለት ነው፤ ከፋዩና ተከፋዩ ግን ይተዋወቃሉ። የላይኛው ሰው ቦዩን ቢያበላሽ የታችኛው ደጁ ድረስ መጥቶ ይጮኽበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሣ ይቆረጣል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን እስከ ጎረቤት ድረስ ነው። ከደሴ በላይ ኩታበር ላይ ያረሰ ሰው ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጣውን አያውቀውም። በዚያ ላይ በንጉሡ ዘመን በብዙ ቦታ መሬቱ የባለመሬት ነበር። ዘንድሮ አርሶ ለከርሞ የሚነሣ ጭሰኛ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ካብ ልክብ ቢል ሞኝ ነው የሚባለው።

ከዚያ የ1965 እና የ66ቱ ረሃብ መጣ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የረሃቡን ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ለዓለም ካሳየ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ለእኔ ታሪክ የሚጠቅመው ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ተደራጀ። እርዳታ ሰጪዎቹ ደግሞ እህል በነፃ ከሚታደል ሰው ሠርቶ ይብላ አሉ። ስንዴ አለ፣ የሚያደራጅ ማኅበር አለ፣ የተራቆተ ተራራ አለ። ሦስቱ ተገናኙና «ምግብ ለሥራ» ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይህንን በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት አሰባሰበው። ቁጥሩ 2488 ነበር። በአፍሪካ ከነበሩት የምግብ ለሥራ ፕሮጀክቶች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው ይባልለታል። መጋዘን ውስጥ ለነበርነው ግን ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይበልጥም ነበር።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ልናገር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። መጀመሪያ የልማት ሠራተኛው ሁለት እኩል እንጨት፣ በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ መሐል ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የውኃ ልክ ይዞ ተራራው ላይ ይወጣል። አንዱ ሰው እንጨቱን ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ወደ ላይ ወደ ታች እያለ የውኃ ልኳ አረፋ መካከል ላይ ስትቆም «በቃ!» ይባላል፤ ችካል ይመታል። እንዲህ እየተባለ ተራራው ወገቡ ላይ ይታጠቃል። ከዚያ ድንጋይ የሚፈነቅለው ይፈነቅላል፣ የሚሸከመው ይሸከማል፣ ጎበዝ ካቢው ያቆማል። ካብ መካብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መሠረቱ ተቆፍሮ ትልቁ ድንጋይ ካልተቀበረ፣ ፊቱም ወደ ዳገቱ ትንሽ ካላጋደለ፣ የመጀመሪያው የነሐሴ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

ማታ ሜትሩ ይለካል። ለድንጋይ ካብ ልኩ በኪሎ ሜትር 250 የሰው ቀን ነው፤ በአንድ ሰው ሲካፈል በቀን 4 ሜትር ማለት ነው። የተለካው በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ይገባና ወሩ ሲያልቅ ፔሮል ሆኖ እኔ ዘንድ ይመጣል። ገበሬው ከነአህያው ሌሊት ተነስቶ መጋዘኑ ደጅ ያድራል። ስሙ ሲጠራ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል፤ ስንዴው ሚዛን ላይ ይወጣለታል። ዘይቱ ነበር አስቸጋሪው፤ 120 ግራም በቀን ሆኖ በወር ሲጠራቀም ጣሳው ሙሉ አይሆን፣ ጎዶሎ አይሆን። ሴቶቹ ጣሳው አፍ ላይ የቀረችውን ጠብታ እስክትወርድ ቆመው ያዩ ነበር። ልክም ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ የሚለካው ምንድን ነው? ሜትሩ፣ ቀኑ፣ ኪሎው። ካቡ ውኃ ያዘ ወይስ አልያዘም፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ወንዙ ጠራ ወይስ ደፈረሰ የሚል ዓምድ ፔሮሉ ላይ የለም። በሁለተኛው ክረምት የተናደ ካብም፣ እስከ ዛሬ የቆመ ካብም እኩል ሦስት ኪሎ ተሰፍሮላቸዋል። የከፈልነው ለድካም ነው። ለውኃው ከፍለን አናውቅም።

አንድ የደሴ ዙሪያ አዛውንት ስንዴያቸውን ጭነው ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህ ከማሳዬ መሐል የካብነው ካብ የማን ነው?»

«የማኅበሩ ነው አባቴ።»

«እንግዲያውስ አይጡም የማኅበሩ ነዋ! የሚበላው ግን የኔን ገብስ ነው።»

ቀልድ አልነበረም። ካብ መሬት ይወስዳል፤ ድንጋዩ ሥር አይጥ ይራባል፤ በሬ አዙሮ ለማረስ ያስቸግራል። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያነሣ ገበሬ «ንቃት የጎደለው» ይባል ነበር። ሳር ቢተከልበት፣ ቁመቱ ቢስተካከል፣ ባለቤትነቱ ቢታወቅ የሚፈታ ነገር ነበር፤ ግን ሜትር ቆጣሪ ለዚህ ጊዜ የለውም።

የሚገርመው ታዲያ ውኃውን የሚለካ ሰው እዚያው አጠገባችን ነበር። ከደሴ ደቡብ ምሥራቅ ማይባር ሐይቅ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የሚባል ተጀመረ። የስዊስ በርን ዩኒቨርሲቲ ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር የሠራው ነው፤ መሪው ሐንስ ሁርኒ የሚባል የስዊስ ሰው። ማይባር የመጀመሪያው ጣቢያ ነበረ፤ ቀጥሎ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሐረርጌ፣ ሲዳሞ፣ ኢሉባቦርና ኤርትራ ተጨመሩ። ማይባር ላይ የተመረጠው ኮሪ የምትባለው ወንዝ የምትሰበስበው መሬት ነው፤ 113 ሄክታር የማይሞላ።

ሥራውን ስሰማ መጀመሪያ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣና ወንዙ ሲደፈርስ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ የአገሩ ሰው የሆነ ታዛቢ ከቤቱ ይሮጣል። የውኃውን ከፍታ ከወንዙ ዳር ከቆመው ሜትር ላይ ያነባል። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ይቀዳል። በየአሥር ደቂቃው ደግሞ ይቀዳል፤ ውኃው እስኪጠራ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አፈር ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ይመዘናል። እንዲህ ተብሎ በየዓመቱ ያቺ ሸለቆ ስንት ቶን አፈር እንደላከች ይታወቃል። ሁርኒ ከነዚህ ጣቢያዎች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ግምት የኢትዮጵያ ደጋ እርሻ በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ያጣል አለ። ቁጥሩን ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ሲደገም ሰምቼዋለሁ፤ ከዶፍ ሥር ቆሞ የቀዳውን ሰው ግን ያነሣው የለም።

እኔ ሚዛን፣ ታዛቢው ጠርሙስ፤ ሁለታችንም ከአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበርን። የእኔ ሒሳብ የጉልበት፣ የእርሱ ሒሳብ የውኃ። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው «እዚህ ካብ ከተሠራ ወዲህ ወንዙ ይህን ያህል ጠርቷል፤ እንግዲህ ለእነዚህ ገበሬዎች ጭማሪ ይገባቸዋል» የተባለበት ቀን የለም። ይህን የምለው በማንም ለመፍረድ አይደለም። ዘመኑ የ1977 ዘመን ነው፤ ባቲና ኮረም ላይ ሰው በየቀኑ ይረግፋል፤ መጋዘናችን ደጅ ላይ የሚጠብቀው ሰው የሚያስበው ስለ ወንዝ ጥራት አልነበረም። ቢሆንም ዕድሉ ያመለጠን እዚያ ነው። መለኪያውም፣ ክፍያውም፣ ሰዉም በአንድ ወረዳ ተገኝተው ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የሆነውን ያየ ሰው የማይረሳው ነው። ተከልሎ የነበረው ተራራ ተከፈተ። የማኅበሩ ባህር ዛፍ በሌሊት ተቆረጠ፤ አህያ ሲያጓጉዝ ነጋ። የካቡ ድንጋይ ለቤት መሠረትና ለአጥር ሄደ። ቢሮ ውስጥ «ገበሬው ካቡን የሚያፈርሰው ዳግም ስንዴ እንዲከፈለው ነው» የሚል ወሬ ነበር። እኔ አልተቀበልኩትም። አንድ ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር ለማፍረስ ተንኮል አያስፈልገውም፤ አለመጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ካቡ የማኅበሩ ነበር፤ ማኅበሩ በአንድ ሌሊት ጠፋ። በገበሬው በራሱ ማሳ ድንበር ላይ ያለው ካብ ግን በብዛት ቆሞ ቀረ። እስከ ዛሬ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ወሎ ድሮ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨረሰው የሚል ታሪክ ሁላችንም ጋር አለ። ዶናልድ ክረሚ የሚባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1937 የጣሊያን የግብርና ባለሙያዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዞ ከስልሳ ዓመት በኋላ ወደነዚያው ቦታዎች ተመለሰ። ያገኘው ብዙዎቹ ቦታዎች ላይ ድሮ ከነበረው የበለጠ ዛፍ ነው፤ አብዛኛውን ገበሬው ራሱ የተከለው ባህር ዛፍ። ባህር ዛፍ ለምንጭ አይመችም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሳይከፈለው የሚተክል ሰው አለ ማለት ነው። የሚተክለውም ቆርጦ እንደሚሸጠው ስለሚያውቅ ነው።

በ1997 ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም መጣ። ስንዴው አልቀረም፤ ብር ተጨመረበት። መጀመሪያ ላይ የቀን ሒሳቡ 6 ብር ነበር፤ ቆይቶ 8፣ ከዚያም 10 ሆነ። ከበፊቱ የተሻለው አሠራሩ ነው። ሥራው በተፋሰስ ይታቀዳል፤ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦረቦሩ ላይ ክትር ይሠራል፤ ተራራው ተከልሎ ሳር ይበቅልበታል። ሥራ የማይችሉ አዛውንትና ነፍሰ ጡር ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። የክፍያው መነሻ ግን ያው ነው፤ ሰውየው የሚከፈለው የምግብ እጥረት ስላለበት ነው። ተራራው ላይ መሬት ያለው፣ ነገር ግን ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ገበሬ ማሳው ላይ ሌላ ሰው ስንዴ እየተከፈለው ካብ ሲሠራ ቆሞ ያያል።

ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በየዓመቱ ጥር ላይ በአማራ ክልል የተፋሰስ ልማት ንቅናቄ ይታወጃል። ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ለበርካታ ቀናት በነፃ ይወጣል። ጥቅሙ የራስህ ነው ይባላል፤ ማሳው ላይ ለሚቀረው አፈር እውነት ነው። ወደ ታች ለሚወርደው ንጹሕ ውኃ ግን እውነት አይደለም። ያን የሚጠጣው ሌላ ነው። ታሪኩን አንድ ላይ ሳየው የሚያስቀኝ ይህ ነው፤ በስንዴ ጀመርን፣ በብር ቀጠልን፣ በነፃ ጨረስን። በሌላው ዓለም የተሄደበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ኒው ዮርክ ከተማ ውኃዋን የምታገኘው በአብዛኛው ከካትስኪል ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ማጣሪያ ሥሪ ተባለች። ከተማዋ አስልታ ገንዘቡን ለላይኛው አገር ገበሬዎች ማዋል ይረክሳል አለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ስምምነት ተፈረመ፤ ገበሬው ከብቱን ከወንዝ ዳር እንዲያርቅ፣ ፍግ እንዲያከማች፣ ዳሩን ሳር እንዲያለብስ ወጪውን ከተማዋ ሸፈነች። ፈረንሳይ ውስጥም ቪተል የሚባለው የታሸገ ውኃ ድርጅት ከምንጩ በላይ ያሉ ገበሬዎችን በረጅም ውል ይዞ ማዳበሪያ እንዲተዉ ከፍሏቸዋል። ሁለቱም ዘንድ የሚከፍለው በውኃው የሚጠቀመው ወገን ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ ጉቶው እንዲያንሠራራ ተደረገ፤ ዎርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሆኖ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመዘገበና የዓለም ባንክ ፈንድ ዛፉ የያዘውን ካርቦን መግዛት ጀመረ። እዚያ ገንዘቡ የመጣው የሰው ቀን ተቆጥሮ አይደለም፤ ዛፉ ተለክቶ ነው። ዛፉ ካልቆመ ብሩ ይቆም ነበር። በእኔ መጋዘን ያጣሁት ዓምድ እዚያ ነበር።

ታዲያ ቦርከና ላይ ማን ይክፈል? ደሴ የምትጠጣው ከምንጭና ከጉድጓድ ነው፤ እነርሱም ተራራው ካልያዘላቸው አይሞሉም። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አሏት፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራ፤ ሁሉም ውኃ ይፈልጋሉ። ከታች የጨፋ ገበሬና በበጋ ከአፋር የሚወጣው አርብቶ አደር አለ። በየወሩ የውኃ ቢል እከፍላለሁ፤ ከላይ ላለው ገበሬ ተብሎ የታሰበ ሳንቲም ግን ቢሉ ላይ አላየሁም። ጥቂት ሳንቲም በሜትር ኩብ ቢታከል የከተማው ሰው የሚያጉረመርመው የቧንቧ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አስቦ እንጂ በገበሬው ቀንቶ አይመስለኝም።

አንድ የማይመች ነገር ግን አለ። ከጦሳ የሚወርደው ውኃ ደሴ ሲገባ ከሚይዘው አፈር ይልቅ ከደሴ ሲወጣ የሚይዘው ቆሻሻ ይብሳል። ላስቲኩ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ የቄራው ደም ሁሉ የሚሄደው ወደ ቦርከና ነው። ኮምቦልቻ ደርሶ ደግሞ የፋብሪካው ይጨመርበታል። ለገበሬው ከፍለን ወንዙን ከላይ ብናጠራው፣ እኛ መሐል ላይ ተቀምጠን እናደፈርሰዋለን። ኒው ዮርክ ለገበሬው የከፈለችው ራሷ ከምንጩ በታች ስለሆነች ነው። እኛ ከኩታበር ገበሬ በታች፣ ከጨፋ ገበሬ በላይ ነን። ለላይኛው እንክፈል ከተባለ ለታችኛውም ካሣ ይታሰብብናል፤ ምናልባት ሒሳቡ ያልተከፈተው ለዚሁ ይሆናል።

ዛሬ ላይ በነፃ ለሚሠራው ገበሬ በክፍያ ስም የቀረው ሳሩ ነው። ተራራ በተከለለባቸው ቀበሌዎች ከብት አይገባም፤ ሳሩ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል፤ ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ይጣላል። አንዳንዱ ቦታ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተሰጥቶ ቀፎ ሰቅለውበታል፤ በሳሩም በግ ያደልባሉ። ባለፈው ለቅሶ ሄጄ የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ የገጠር ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ተራራውን የጠበቅነው እኛ ስለሆንን ሳሩ የኛ ነው ይላል። ሌላው ጎርፉ የሚወርደው የኔ ማሳ ላይ ስለሆነ ይገባኛል ይላል። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ «እናንተስ መሬት አላችሁ፤ እኛ ምን እንብላ?» አለ። አዛውንቶቹ ለቀብሩ ሲነሡ ነገሩ አልተቋጨም፤ ለሚቀጥለው ዓርብ ቀጠሩት።